ደግሰውና የቦርዶ ጎረቤት

ስሙን ያወጡለት አክስቱ ናቸው። ሕፃኑን ታቅፈው፣ “ይህ ልጅ ቤት ሙሉ ሰው የሚጋብዝ ይሆናል፤ ደግሰው በሉት” አሉ ይባላል። ትንቢታቸው በግማሽ ያዘ። ደግሰው አድጎ ላሊበላ ውስጥ ከአፋፍ ላይ በተሠራ አንድ ሆቴል አስተናጋጅ ሆነና ዕድሜውን በሙሉ ሰው ሲጋብዝ ኖረ፤ ድግሱ ግን ሁልጊዜ የሌላ ሰው ነበር። የራሱን ሳይደግስ፣ ሚስት ሳያገባ፣ ጎጆ ሳይቀልስ ሃምሳን ሊደፍን ጥቂት ቀረው። አክስቱ በሕይወት ቢኖሩ ስሙን ይቀይሩለት ነበር።

ቁመቱ ሎጋ ነው፤ አንገቱ ትዕዛዝ እንደሚቀበል ሰው ትንሽ ወደ ፊት ያዘነብላል። በግራ ክንዱ ላይ የሚያንጠለጥላት ነጭ ጨርቅ የአካሉ ክፍል ሆናለች፤ ጨርቋ በሌለችበት እንኳ፣ ገበያ ሲወርድ ያ ክንዱ ዕጥፍ ብሎ ይታያል። መጀመሪያ ዓለምን ባዳረሰው በሽታ፣ ከዚያም በጦርነቱ እንግዳ የጠፋ ጊዜ ሌላው ሠራተኛ ወደየቤቱ ሲበተን እሱ ብቻ እየመጣ ባዶ ብርጭቆ ሲወለውል ይውል ነበር። “ለማን ነው?” ሲሉት “እንግዳ ድንገት ነው የሚመጣው” ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ እንግዳው ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ ብርጭቆዎቹም ንጹሕ ሆነው ጠበቁት።

የደግሰው ትልቁ ችሎታ ግን መወልወል አልነበረም፤ ወሬ ነበር፣ የወይን ወሬ። ከእንግዶች አፍ እየለቃቀመ በተማራት ፈረንሳይኛ አንድ ጠርሙስ አንሥቶ መናገር ሲጀምር ሹካዎች ይቆማሉ። “ይህ ከእንዲህ ያለ ወንዝ ዳር የመጣ ነው፤ አፍንጫው ቼሪ ነው፣ ጭራው ረጅም ነው” ይላል፤ አፍንጫ የሚለው ሽታውን፣ ጭራ የሚለው አፍ ላይ የሚቀረውን ጣዕም ነው። ቼሪ የሚባለውን ፍሬ በዓይኑ አይቶት አያውቅም፤ ሲያወራለት ግን በጓሮው የተከለው ይመስላል። ወይኑንም ቢሆን ራሱ ጠጥቶት አያውቅም ማለት ይቻላል። እንግዳው ይጠጣል፣ ደግሰው ያወራል፣ ባለሆቴሉ ይስቃሉ። ሥራው ሲያበቃ ደግሞ ጨርቋን አጥፎ ኪሱ ይከትና ወደ ሸጌ ቤት አንድ ብርሌ ጠጅ ሊጠጣ ይወርዳል።

እንግዲህ ወደ ሸጌ መጣን። ሸጌ ከገበያው በላይ ባለች፣ በሯ ዝቅ ባለ ቤት ጠጅ የምትጥል ሴት ናት። ነጭ የላስታ ማር፣ የታጠበ ጌሾና ትዕግሥት፤ ሌላ ምንም አትጨምርም። የመጀመሪያ ባሏን የፈታችው በሌላ ሴት ምክንያት አይደለም፤ በስኳር ነው። አንድ ቀን ከጋኑ ስትቀምስ ማሩ ላይ ስኳር እንደተቀላቀለ ምላሷ ነገራት። ባልየውን ጠርታ “ስንት ኪሎ ነው?” አለችው። ካደ። ደግማ ጠየቀችው፤ አሁንም ካደ። ሳምንቱ ሳይሞላ ሰውየው ከነሻንጣው ወልድያ ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ባለጸጋ፣ ብዙ ባለሱቅ ሽማግሌ ልኮባታል፤ ሁሉንም ጠጅ አጠጥታ አመስግና መለሰቻቸው።

ደግሰው ይህን ሁሉ ያውቃል። ያውቃልና ነው ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ አንዲት ብርሌ እያገላበጠ ዝም ብሎ የኖረው። ዘንድሮ ግን ከጥምቀት በኋላ በአንዱ ምሽት፣ ደንበኛው ሁሉ ወጥቶ ሸጌ ብርሌ ስታጥብ፣ ምን እንደነካው እንጃ፣ አፉ ከራሱ ቀድሞ ተናገረ።

“ሸጌ፣ ሽማግሌ ብልክ ምን ትያለሽ?”

ሸጌ ማጠቧን አላቆመችም። “ያንተ ነገር ይገርመኛል” አለች። “ከዚህ ቤት በገባህ ቁጥር ስለ ፈረንጅ ወይን ታወራለህ። አፍንጫው እንዲህ ነው፣ ጭራው እንዲያ ነው ትለኛለህ። የምታወራለትን ነገር ግን አንድ ቀን ይዘህልኝ መጥተህ አታውቅም። እኔ ወሬ አላገባም፣ ደግሰው።”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“አንድ ጠርሙስ አምጣ። ቀይ ይሁን። ቀምሼ ደግመህ ቅዳልኝ ብዬ እጄን ከዘረጋሁ ሽማግሌህን እሰማለሁ። ካልዘረጋሁ እንደ ድሮው ደንበኛዬ ሆነህ ትኖራለህ፤ ቂም የለም።” ብርሌውን ዘቅዝቃ አንጠፈጠፈችና ቀጠለች። “ደግሞ አደራህን፣ ለጠርሙስ ብለህ ደሞዝህን እንዳታራግፍ። በአንድ ጠርሙስ ቤቱን የሚያፈርስ ሰው ጥሩ ደንበኛ ይሆነኛል እንጂ ባል አይሆነኝም። ጊዜህ እስከ ቅበላ ነው። ጾም ከገባ የጋብቻ ወሬ የለም፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ እኔ ራሴን አላውቀውም።”

ደግሰው ያን ማታ ወደ ቤቱ ሲወጣ በእግሩ ነው የሄደው ለማለት ይከብዳል። እምቢ አላለችም። እምቢ አለማለቷን ለድንጋዩም ለአጥሩም እየነገረ ወጣ፤ መንገድ ላይ ላገኛት አህያም “እንደምን አመሸሽ” ሳይላት አልቀረም።

በማግስቱ ግን ደስታው ወደ ሆቴሉ የወይን ክፍል ሲገባ ቀዝቀዝ አለ። በደረጃው ሥር ባለችው ክፍል ውስጥ ሁለት ዓይነት ቀይ ወይን ብቻ ነበር። አንደኛው ስሙ የታወቀው ቦርዶ ነው፤ ለአንዱ ጠርሙስ የሚከፈለው ጊደር ይገዛል። ሁለተኛው ርካሹ ነው፤ እሱን ሰላጣ ላይ ቢያፈሱት ሰላጣው ይቆጣል። ቦርዶውን ቢገዛ ሸጌ “ቤት አፍራሽ” ትለዋለች፤ ርካሹን ቢወስድላት ደግሞ ወልድያ ድረስ ታባርረዋለች። በሁለቱ መካከል የሆነ ቦታ፣ ጥሩም ርካሽም የሆነ ወይን መኖር ነበረበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ደግሰው የወይን ወሬውን ትቶ የወይን ጥያቄ ያዘ።

ያልጠየቀው እንግዳ የለም። አንድ የፓሪስ ሐኪም በኩራት “ጥሩ ወይን ርካሽ አይደለም፤ ርካሽ ወይን ጥሩ አይደለም” ብሎ ሾርባውን ቀጠለ። አንድ የቤልጂግ ሰው “ቢራ ጠጣ” አለው። ሁለት አዲስ ተጋቢዎች ደግሞ እሱ ባነሣው ጥያቄ እርስ በርሳቸው ተጣልተው በየፊናቸው ተኙ፤ ጠዋት ሲታረቁ ደግሰው ነበር እፎይ ያለው። ባለሆቴሉ አቶ አረጋ ነገሩ ግራ ቢገባቸው “ምነው ደግሰው፣ ዘንድሮ እንግዳውን መርማሪ ሆንክበት?” ብለው ገሠጹት።

የካቲት ሲገባ ማዳም ሶላንዥ መጣች። የሰማንያ ዓመት ባልቴት ናት፤ በበቅሎ አሸተን ማርያም ድረስ ወጥታ፣ ወርዳ፣ “በቅሎዋ ከእኔ በላይ ደክሟታል” እያለች እራት ላይ የተቀመጠች። ደግሰው ጥያቄውን እንደ ልማዱ በጎን ሊያስገባ ሲል ሴትዮዋ ሹካዋን አስቀምጣ አፍጥጣ አየችው።

“ወይኑ ለማን ነው?” አለችው።

ለእናቱ ልጅ እንኳ ያልተናገረውን ለማዳም ሶላንዥ ዘረገፈው። ስለ ሸጌ፣ ስለ ስኳሩ፣ ስለ ቅበላ ሁሉን ነገራት። ሴትዮዋ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች፤ ከዚያ በናፕኪን ዓይኗን ጠርጋ እንደ ዳኛ ቀና አለች።

“ጠጇ ምን ዓይነት ነው?”

“መጀመሪያ ይመርራል” አለ ደግሰው። “ጌሾው ይይዝዎታል። ሊያንቀኝ ነው ብለው ሲያስቡ ማሩ ከኋላ ይመጣል።”

“እንግዲያው የምትፈልገውን አውቀዋለሁ።” የጨው ዕቃውን አንሥታ ከጠረጴዛው መሐል አስቀመጠች። “ይህ ቦርዶ ነው። ሁሉም ሰው እዚህ ይቆማል፤ ስሙን ከገዛህ የምትጠጣው ስሙን ነው። አንተ ጎረቤቱን ግዛ።” ሹካዋን ከጨው ዕቃው ወደ ደቡብ አጋደመች፣ በሹካው ጫፍ የዳቦውን መሶብ አቆመች። “ይህ የስፔን ድንበር ተራራ ነው። እዚህ፣ ከተራራው ሥር፣ ማዲራን የሚባል አገር አለ። ደጋ የለመዱ ሰዎች ናቸው፤ ብዙ አያወሩም፣ ብዙ ይበላሉ። ወይናቸው ጥቁር ለመባል ትንሽ የቀረው ቀይ ነው። ማንም ስለማያውቀው ማንም አያስወድደውም።”

ደግሰው የዳቦውን መሶብ እንደ እውነተኛ ተራራ አየው።

“አንድ ነገር ግን ስማኝ” አለች ማዳም ሶላንዥ ጣቷን አንሥታ። “ይህ ወይን ቁጡ ነው። ጠዋት ክፈተውና ማታ ስጣት። አየር ካላገኘ ምላስ ይይዛል፤ ካገኘ ግን ይለሰልሳል።”

ደግሰው እሺ አለ። የዚያን ዕለት የሸጌ ነገር የተፈታለት መስሎት የጨው ዕቃውን ለሌላ እንግዳ ለመስጠት እንኳ ልቡ እምቢ አለው።

ቀጥሎ ጠርሙሱን ማግኘት ነበረበት። አዲስ አበባ ታክሲ የሚነዳ ምሥጋናው የሚባል የአጎቱ ልጅ አለው፤ ደወለለት። ምሥጋናው ደንበኛ ባደረሰበት ሰፈር ሁሉ ወይን መሸጫ እየገባ በስልክ ወሬ ያቀብል ጀመር።

“ደግሼ፣ እዚህ ቦርዶ አለ ይላሉ።”

“ቦርዶ አልፈልግም። ጎረቤቱን ጠይቅልኝ።”

“ጎረቤቱ ማነው?”

“ወደ ደቡብ ወረድ ይላል በላቸው።”

ትንሽ ቆይቶ ምሥጋናው ተመለሰ። “ሰውየው ወደ ደቡብ ከወረድክማ ሐዋሳ ነው አለኝ።”

እንዲህ እያለ ሳምንት አለፈ፤ ቅበላም እንደ ባለዕዳ እየቀረበ መጣ። በመጨረሻ አንድ ቀን ምሥጋናው ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ ደወለ። አንድ ያረጀ ሱቅ ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ፣ ከቲማቲም ድልህ ጀርባ አንድ አቧራ የለበሰ ጠርሙስ ተገኝቷል፤ ላዩ ላይ ማዲራን ይላል። ማንም ጠይቆት የማያውቅ ስለሆነ ባለሱቁ “እርግጠኛ ነህ?” ብሎ ሁለቴ ጠይቆታል፤ ዋጋውም ከቦርዶው አጠገብ ሲቀመጥ በርካሽነቱ የሚያሳፍር ነው። ደግሰው የወይን ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ቆሞ ነበርና ማንም ሳያየው እስክስታ ወረደ።

ጠርሙሱ በአውቶቡስ ወልድያ ደረሰ። ከወልድያ ጋሸና የሚመላለሰው ሚኒባስ ሾፌር ሸዕባን የደግሰው የድሮ ወዳጅ ነው። ሆኖም ዕቃውን ከመጫኑ በፊት ማጣራቱ አልቀረም።

“ዕቃው ምንድን ነው?” አለ በስልክ፤ ወዲያው ደግሞ ሐሳቡን ቀየረ። “ቆይ፣ አትንገረኝ። ካልነገርከኝ ጠርሙስ ነው፤ ከነገርከኝ ግን ወላሂ አልጭንም።”

ደግሰው አልነገረውም። የአንድ ቀን ፈቃድ ወስዶ ጋሸና ድረስ ሄደና ዕቃውን ከሸዕባን እጅ ተቀበለ። ሸዕባን ሲሰጠው ፊቱን ወደ ጭነት መኪኖቹ አዙሮ “ጀሊሉ ያሳካልህ፤ ምኑን እንደሆነ ባላውቅም” ብሎ መረቀው። ጋሸና ላይ ነፋሱ አጥንት ይቆጥራል። ደግሰው ጠርሙሱ እንዳይበርደው፣ እንዳይናጥም ብሎ በጋቢ ጠቀለለውና ወደ ላሊበላ በሚመለሰው መኪና ደረቱ ላይ አቅፎት ተቀመጠ። መኪናው ጉድጓድ በገባ ቁጥር በእጁ ይደግፈዋል፣ ጋቢውን ያስተካክልለታል። ከጎኑ የተቀመጡ ነጭ ሽንኩርት የጫኑ እናት ይህን ሁሉ በርኅራኄ ሲመለከቱ ቆዩ።

“ስንት ወሩ ነው?” አሉት።

ደግሰው ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ዓመት አስታወሰና ሳያስብ “አምስት ዓመት ሆኖታል” አለ።

“በስመ አብ! ምነው እንዲህ ቀጨጨሳ?”

“ፈረንሳይ ነው ያደገው” አለ። ከዚህ በላይ ማብራራት ነገሩን እንደሚያባብሰው ገብቶት ጋቢውን ጠበቅ አደረገ። እናትየው ለፈረንሳይ ልጆች አዝነው ለሕፃኑ ብለው አንዲት ብርቱካን ጋቢው ውስጥ ወሸቁለት። ደግሰው ከመኪናው እስኪወርድ ድረስ ሳቁን በጥርሱ ነክሶ ያዘ።

አሁን የመጨረሻው ጣጣ መጣ። ማዳም ሶላንዥ ጠዋት ክፈተው ብላዋለች። ለፈረንሳይ ይህ ቀላል ነገር ነው። ላስታ ውስጥ ግን አንድ ወንደላጤ የተከፈተ ጠርሙስ ይዞ ሊያገባት ወደሚፈልጋት ሴት ቤት ሲገባ ማን ዝም ብሎ ያየዋል? መስተፋቅር ጨመረበት ይባላል። ሸጌ ባትለው ጎረቤቷ ትለዋለች፤ ጎረቤቷ ባትለው እሱ ራሱ ራሱን ይጠረጥራል። ደግሰው ሌሊቱን ሲገላበጥ አድሮ ቆረጠ፤ ታሽጎ ይሄዳል፣ ከዓይኗ ፊት ይከፈታል፣ የአየሩን ነገር ደግሞ እግዜር ያውቃል።

ቅበላ እሑድ ሊሆን፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ደንበኛ ሳይገባ ደግሰው ከሆቴሉ የተዋሳቸውን ሁለት ባለእግር ብርጭቆዎች በፎጣ ጠቅልሎ ሸጌ ቤት ደረሰ። ሸጌ አዲስ ሻሽ አስራ ነበር። ጠርሙሱን አሳያት፣ እሽጉን አስነካት፣ ቡሹን ሳበው። እስከዚህ ድረስ መልካም ነበር። ነገር ግን ልቡ ሲርድ እጁ ብቻውን ቀረ፤ እጁ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እንግዳን ቀድሞ ማስቀመስ። ከብርጭቆው ሥር ጠብታ የምታህል ወይን ቀዳ፣ ፊቷ አስቀመጠ፣ ጨርቋን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሸሸና አንገቱን ደፋ።

ሸጌ ጠብታዋን ጎንበስ ብላ አየቻት።

“ይሄ ምንድን ነው?” አለች ሸጌ።

“ቅመሺው።”

“እኔ ቀድሜ?”

“ደንቡ ነው።”

“የማን ደንብ? በዚህ አገር የሚቀዳ ሰው ከመዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ፣ ራሱ ቀምሶ ነው የሚሰጥ። እኔ ላንተ ስንት ዘመን ቀምሼ ሰጠሁህ? ምን ቢኖርበት ነው እኔን የምታስቀድመኝ?”

የፈራው ነገር ራሱ ጠርቶት መጣ። “ኧረ ታሽጎ ነው የመጣ፤ አየሽው አይደል?” አለ ላብ እያጠመቀው።

“ሲታሸግ አላየሁም።”

ይህን ብላም ቢሆን ብርጭቆውን አነሣች፤ የማትቀምሰው ነገር በዚህ ዓለም የለምና። ቀመሰች። ደግሰው ፊቷን አየ፤ ባላየው ይሻለው ነበር። ከንፈሯ ተሰበሰበ፣ ዓይኗ ጠበበ፣ ምላሷ ላንቃዋ ላይ ተጣብቆ እስኪላቀቅ ድረስ ቃል አልወጣትም።

“ጌሾው በዝቶበታል” አለች በመጨረሻ። “ምላሴን ቀፍድዶ ያዘኝ። የሠራው ሰው ችኩል ነው።” ብርጭቆውን በጣቷ ገፋ አደረገችው። “ጌታው፣ ጠርሙስዎን ይያዙ።”

አንቱታውን ሲሰማ ደግሰው ነገሩ ማለቁን አወቀ። መልሱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። ወይኑ አየር አላገኘም፣ ጠዋት መከፈት ነበረበት፣ አፍሽ ሳይሆን ሰዓቱ ነው የተሳሳተ ሊላት ይችል ነበር። ግን የዚህችን ሴት አፍ ማስተባበል ከየት ይምጣለት? “ላንቺ ካልጣመሽ ጥሩ አይደለም ማለት ነው” አለና ወጣ። ጠርሙሱንም ብርጭቆዎቹንም ትቶ ወጣ።

ስለ ዓርብ ዕለት ደግሰውን ባትጠይቁት ይሻላል። ለእንግዳ ሻይ ውስጥ ጨው ጨመረ፣ ቁርስ የጠየቀውን እራት ምን ይምጣልህ አለው፣ አንድ ጣሊያናዊ ስለ ወይን ቢጠይቀው “ውሃ ጠጣ” ብሎት አለፈ። ከሁሉ የቆጨው ግን ሌላ ነበር። ያን ሁሉ አገር የተመላለሰበትን ወይን ራሱ አንዲት ጉንጭ እንኳ አልቀመሰውም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚሉት ይኸው ነው።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ወደ ሸጌ ቤት መውረድ ግድ ሆነበት፤ ብርጭቆዎቹ የሆቴሉ ንብረት ናቸው። መንገዱን ሁሉ “የመጣሁት ለብርጭቆ ነው፣ ለብርጭቆ ብቻ” እያለ ይለማመድ ነበር። ገበያው ሞልቷል፤ ሰው ገና ገብሱን አልሸጠምና ጠጅ ቤቱ ባዶ ነው። ሸጌ ትልቁን ጋን ከፍታ ከላይ የተንሳፈፈውን ጥንፍፍ እየገፈፈች አገኛት። ያ ጋን ለገበያ ቀንና ለቅበላ ተብሎ የተጣለ፣ እስከ አፉ የሞላ ነበር።

ብርጭቆዎቹ ታጥበው ተቀምጠዋል። ከአጠገባቸው ጠርሙሱ፣ አፉ በጨርቅ ተወትፎ ቆሟል። ደግሰው አየው፤ ደግሞ አየው። ሐሙስ እንደሞላ የተወው ጠርሙስ ወገቡ ድረስ ጎድሏል።

ሸጌ ማየቱን አየች። “ተንኗል” አለች።

“በጨርቅ ተወትፎ?”

“አየሩ ደረቅ ነው።”

የደግሰው ደረት ውስጥ የሆነ ነገር እንደ ጥጃ መዝለል ጀመረ። “እኔ እስካሁን አልቀመስኩትም” አለ።

ሸጌ መግፈፊያዋን አስቀመጠች። “ሳትቀምሰው ነው ይዘህልኝ የመጣህ?”

“አንድ ጠርሙስ ብቻ ነው የተገኘው። ካንቺ ላጎድል?”

ጨርቁን አውልቆ እንደ አገሩ ደንብ መዳፉ ላይ ጠብ አደረገና ጠጣ። ሐሙስ ቁጡ የነበረው ያ ነገር ሌላ ሆኗል። መጀመሪያ ጠንከር ብሎ ገባ፤ ከዚያ ለቀቀው፤ ከዚያ ልጅ ሳለ ከቁጥቋጦ ሥር እየለቀመ የበላው የእንጆሪ ጣዕም ከየት መጣ ሳይባል አፉን ሞላው። ስለ ወይን ዕድሜውን ሙሉ ያወራው ደግሰው መዳፉን ዘርግቶ፣ ቃል ጠፍቶት ቆመ።

“እህ” አለች ሸጌ፣ ሳቋ እያመለጣት። “አፍንጫው እንዴት ነው? ጭራውስ?”

“እንጃ።”

“ይኸዋ፤ አሁን ገና ቀመስክ።” አጠገቡ መጥታ ቆመች። “ሐሙስ ልደፋው ነበር። አንተ ደጁን ስትወጣ አንገትህን አየሁና እጄ እምቢ አለኝ። ዓርብ ሲመሽ ጨርቁን ሳነሣው ሸተተኝ፤ ጉንጭ አልኩ። ደግሞ ጉንጭ አልኩ። መስተፋቅርም ካለበት እንግዲህ ገብቷል፤ ምን ይደረጋል።”

“ኧረ የለበትም” አለ ደግሰው። “ጠዋት ከፍተህ ማታ ስጣት ተብዬ ነበር። ከፍቼ ባመጣው መስተፋቅር ትዪኛለሽ ብዬ ፈራሁ።”

የሸጌ ሳቅ ቆመ። “ታዲያ ሐሙስ ለታ ለምን አልነገርከኝም? እንዲያ ስዘልፍህ ለምን ዝም አልክ?”

“አፍሽ ተሳስቷል ልበልሽ?”

ሸጌ የጠርሙሱን ጨርቅ አንሥታ አጠፈች። “ያ ሰውዬ” አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ “ስኳሩን ሲክደኝ፣ አፍሽ ነው የተበላሸው እያለ ስንት ቀን አከራከረኝ መሰለህ። አንድ ሌሊትማ እውነትም አፌ ነው ብዬ አምኜ ነበር። ባዶ ጋን አጠገብ ተቀምጬ ውሃ እየቀመስኩ አለቀስኩ። እንደዚያ ሆኜ እንዳልኖር ብዬ ነው ብቻዬን የተቀመጥኩ።” ከዚያ ብርጭቆውን አንሥታ እጇን ዘረጋች። “ቅዳልኝ። ጠብታ እንዳይሆን።”

ደግሰው ብርጭቆውን ሞልቶ ቀዳላት። ሸጌ ግማሹን ጠጣችና የቀረውን ለሱ ሰጠችው።

“ወንድሜ ዘመኑ ነገ ለቅበላ ከፍላቂት ይመጣል” አለች። “ሽማግሌዎችህ ከቅዳሴ መልስ ይምጡ። ብዙ እንዳያወሩ ንገራቸው፤ እኔም ብዙ አላግደረድራቸውም።”

ደግሰው መልስ ሊሰጥ ሲል በሩ ተንኳኳ። ገበያተኛው ገብሱን ሸጦ፣ ኪሱ ሞቆ፣ ጉሮሮው ደርቆ መጥቷል። “ሸጌ፣ ክፈችልን እንጂ” ይላል አንዱ፤ “የገበያ ቀን እንዲህ ይዘጋል?” ይላል ሌላው። ሸጌ ወደ በሩ ሄደች። ደግሰው ልትከፍት ነው ብሎ ብርጭቆውን ሊደብቅ ጨርቁን ሲፈልግ፣ እሷ መቀርቀሪያውን ከውስጥ ገፍታ ዘጋችው።

“ጠጅ የለም” አለች በእንጨቱ ስንጥቅ በኩል። “ዛሬ አልቋል።”

ደጅ የቆሙት አጉረመረሙ፤ የሸጌ ቤት ቅዳሜ ቀን ጠጅ አልቆበት አያውቅም። ከዚያ “እሷ ካለች አልቋል” ተባባሉና ወደ ሌላ ጠጅ ቤት ሄዱ። ሸጌ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ሳቋን እያፈነች ተመለሰችና፣ እስከ አፉ የሞላውን ጋን ተደግፎ ከቆመው ከደግሰው አጠገብ ተቀመጠች።